የጠፋ ጎማ በተናጠል አይገኝም
ስለ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ጎማና ስለ ኅብረት ግዥ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና ለተጋበዙ የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና አመራሮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪ ተደርጎላችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ግብዓት ሥርጭት መናገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ከእነዚህ ሁሉ ሥር ሆኖ ሁሉንም ተሸክሞ የሚሄድ ነገር ነው፤ ይኸውም የመኪና ጎማ ነው። «ለጎማ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ሲያልቅ ይገዛል» የሚል አይጠፋም። ይህ አባባል ለአዲስ መኪና ይሠራል። ለአሮጌ መኪና ግን ገንዘቡ በኪስ እያለ ጎማው የማይገኝበት ጊዜ አለ። የዚያ ልክ ምርት ቆሞ ይሆናል፤ ወይም አስመጪው ማስመጣቱን ትቶት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ጎማው በሌላ ስም እየተሸጠ ፈላጊው አያውቀውም።

ወግዲንና አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ይረዳል። በምዕራብ በኩል የዓባይ ሸለቆ አለ። ማዳበሪያው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ ወሎን አቋርጦ፣ በአቀስታና በመካነ ሰላም በኩል አቀበት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ነው የሚደርሰው። ጤፉ፣ ስንዴውና ባቄላው ወደ ሰፊው ገበያ የሚወጣውም በዚያው መንገድ ነው። አንድ የጭነት መኪና በስድስት ጎማ ይቆማል፤ ከስድስቱ አንዱ ከፈነዳና ምትኩ ከጠፋ ግን አምስቱ ምንም አይጠቅሙም። የጎማ መፈንዳትና የዘር ወቅት ሲገጣጠሙ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ይኸው ነው። በመጋዘን ደጃፍ ድንጋይ ተደግፎ የቆመ መኪና የሚያስከፍለው ባለንብረቱን ብቻ አይደለም፤ ማዳበሪያውን የሚጠብቀውን ገበሬ ሁሉ ነው።

በመሆኑም ሦስት ጥያቄዎች ተራ በተራ ይታያሉ። ጎማ ለምን ይጠፋል? የጠፋው በምን ይተካል፣ በምንስ አይተካም? የኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ ረገድ ምን ማድረግ ይችላል?

ጎማ ለምን ይጠፋል?

እያንዳንዱ የጎማ ልክ በፋብሪካ ውስጥ የራሱ የብረት ቅርጽ አለው። ጡብ የሚመታ ሰው በአንድ ቅርጽ ሁለት ዓይነት ጡብ እንደማያወጣ ሁሉ፣ የጎማ ፋብሪካም በአንዱ ልክ ቅርጽ ሌላውን ልክ አይሠራም። ቅርጹ ውድ ነው። ገዢ ሲያንስ ፋብሪካው ያንን ቅርጽ አውርዶ ብዙ የሚሸጥለትን ይሰቅላል። ጎማው የሚጠፋው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ፈላጊው ስላነሰ፣ ይልቁንም ፈላጊው ስለተበታተነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአሠራር ለውጥ ነው። በጥንቱ ጎማ ውስጥ ያሉት ክሮች እርስ በርስ ተመሰቃቅለው የሚነጠፉ ነበሩ። የፈረንሳዩ ሚሽሊን በ1946 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ራዲያል ጎማ ደግሞ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው ይነጠፋሉ፤ በላያቸውም የብረት ሽቦ ቀበቶ አለ። ራዲያል ቶሎ አይሞቅም፣ ዕድሜውም ረዥም ነው። ዓለም ቀስ በቀስ ወደ ራዲያል፣ ከመነዳሪ ካለው ጎማም ከመነዳሪ ወደሌለው ተሸጋገረ። ከዚያ ጋር የቸርኬው ልክም ተለወጠ። በከባድ መኪና ላይ ባለ 20 ኢንቹ፣ የብረት ቀለበት ያለው ቸርኬ ለባለ 22.5 ኢንቹ ወጥ ቸርኬ ቦታውን እየለቀቀ መጣ።

ሦስተኛው ምክንያት የአገራችን የራሷ ታሪክ ነው። ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፊያት የጭነት መኪናም አብሯቸው የኖረ ነው። በ1960ዎቹ የተቋቋመው አምቼም ፊያትን፣ ኋላም ኢቬኮን ሲገጣጥም ቆይቷል። ከእንግሊዝ ላንድሮቨር መጣ። በደርግ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን ኢፋ፣ ከሶቭየት ኅብረት ዋዝ፣ ዚልና ኡራል ገቡ። ከጃፓን የመጡት ቶዮታና አይሱዙ ደግሞ መንገዱን ሞሉት። የእያንዳንዱ ዘመን ወዳጅነት የራሱን ቸርኬ ትቶ ሄዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ወረዳ ውስጥ ያሉ ጥቂት መኪናዎች የአምስት አገር ልክ የሚጠይቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

በአገር ውስጥ በ1960ዎቹ የተመሠረተው አዲስ ጎማ ነበር። ይህ ፋብሪካ በ1996 ዓ.ም. ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር በሽርክና ሠርቶ ማታዶር አዲስ ጎማ ተባለ፤ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ ጎማ የሚለውን ስም ያዘ። ይሁን እንጂ አንድ ፋብሪካ የአምስት አገር መኪና የሚጠይቀውን ልክ ሁሉ ሊያመርት አይችልም። ቀሪው ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ነው።

«እንግዲያው አሮጌው መኪና ይቅር» ማለት ይቀላል። ይሁንና የሀገሪቱ አካሄድ አሮጌው ቶሎ እንደማይቀር ያመለክታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ ጎማም ጭምር፣ በብር ሲሰላ ዋጋው ጨመረ። በእጅ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የብዙዎች ምርጫ የሆነው ስለዚህ ነው። መኪናው ከቆየ ጎማውም መታሰብ አለበት።

ሳይጠፋ የጠፋ የሚመስል ጎማ

«ጎማው የለም» ተብለው ከተመለሱ ሰዎች መካከል ጎማው በሱቁ ውስጥ እያለ የተመለሱ አሉ። ምክንያቱ አንድ ጎማ ሁለት ስም ያለው መሆኑ ነው። ስሙን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ፍለጋ ከቤቱ ሳይወጣ ይጨርሳል።

በላንድሮቨር ረዥሙ፣ በብዙ ላንድክሩዘርና በአይሱዙ ላይ የሚታየው 7.50-16 ቢወሰድ፣ 7.50 የጎማው ስፋት በኢንች፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። ከሶቭየት ኅብረት በመጡት መኪናዎች ላይ ግን ይኸው ነገር በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። 260-508 የተባለው ጎማ 9.00-20 ነው፤ 280-508 ደግሞ 10.00-20፣ 320-508 ደግሞ 12.00-20 ነው። 508 ሚሊ ሜትር ማለት 20 ኢንች ማለት ነውና። የዋዙ 215-380ም 8.40-15 ነው። የኢፋው 8.25-20 ግን ስሙ በኢንች የተጻፈ በመሆኑ አያደናግርም።

ትራክተር ያላቸው ማኅበራትም ይህንኑ ሊያውቁ ይገባል። በአሮጌ ትራክተር የኋላ ጎማ ላይ 11-28 ተብሎ የተጻፈው ዛሬ 12.4-28 ይባላል። 12-28 የነበረው 13.6-28፣ 14-30 የነበረው 16.9-30 ሆኗል። ለሽግግሩ ሲባል ፋብሪካዎች ሁለቱንም ስም አንድ ላይ «12.4/11-28» ብለው የጻፉባቸው ጎማዎች አሉ። የቀድሞውን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው «የለም» ይባላል፤ ሁለቱንም ጽፎ የሚሄድ ግን ያገኛል።

በከተማ የሚታየው አሮጌ ቮልስዋገንም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ልኩ 5.60-15 ነበር፤ በራዲያል 165 አር 15 ይገጠምለታል። ትንሽ ዕውቀት ብዙ ኪሎ ሜትር ያሳጥራል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ምን በምን ይተካል?

ምርቱ በእውነት የቆመ ልክ ሲያጋጥም መተካት ግድ ይሆናል። ይሁንና «ገባለት» ማለት «ሆነለት» ማለት አይደለም። ጎማ ከመተካቱ በፊት አራት ነገሮች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፤ እነርሱም የጎማው ጠቅላላ ቁመት፣ የቸርኬው ስፋት፣ የመሸከም አቅምና ከመነዳሪ የሚፈልግ መሆን አለመሆኑ ናቸው።

ቁመቱን ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። 235/85 አር 16 በተባለው ጎማ ላይ 235 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 85 ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 85 በመቶ መሆኑን ያሳያል። የ235 85 በመቶ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከላይና ከታች ሲደመር 400 ይሆናል። የ16 ኢንቹ ቸርኬ 406 ሲጨመርበት 806 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህም ከ7.50-16 ቁመት ጋር የተቀራረበ ነው። በዚሁ ስሌት 215/85 አር 16 ወደ 772 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የሚቀራረበው ከ7.00-16 ጋር ነው።

ለላንድክሩዘር ወይም ለላንድሮቨር ቸርኬው የሚፈቅድ ከሆነ ይህ ምትክ ጥሩ መውጫ ሊሆን ይችላል። ለአይሱዙ ግን ነገሩ ይለያል። አንደኛ፣ በብዛት የሚገኘው 235/85 አር 16 ባለ 10 ፕላይ ሲሆን፣ አንዱ ጎማ ለብቻው ሲቆም 1400 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ ባለ 14 ፕላይ 7.50 አር 16 ግን ወደ 1500 ኪሎ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ 235 ከ7.50 በ20 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ ከኋላ ጥንድ ሆነው ሲገጠሙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠብባል። ጎንና ጎናቸው ከተነካካ ይፋጫሉ፣ ይሞቃሉ፣ በመጨረሻም ይፈነዳሉ። ቁመቱ አንድ ስለሆነ ብቻ የጭነት መኪና ጎማ ተተካ አይባልም።

ከልኩ ከፍ ያለ ጎማ ማስገባትም ዋጋ አለው። 7.00-16 የሚወስድ መኪና 7.50-16 ቢገጠምለት ቁመቱ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፍጥነት መቁጠሪያው 60 ሲያሳይ መኪናው ከ62 በላይ እየሄደ ነው። በአቀበት ላይ ሞተሩ ይደክማል፤ መሪ ሙሉ ሲዞር ጎማው ከአካሉ ጋር ሊነካካ ይችላል።

ለከባድ መኪና ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ቸርኬውን ራሱን መለወጥ ነው። 8.25-20 በ9 አር 22.5፣ 9.00-20 በ10 አር 22.5፣ 10.00-20 በ11 አር 22.5 የሚተኩ ሲሆን ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። ለምሳሌ 10.00-20ም 11 አር 22.5ም ወደ 1050 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ነገር ግን ባለ 22.5 ጎማ በ20 ቸርኬ ላይ በምንም ዓይነት አይገባም። የመኪናው ቸርኬዎች በሙሉ፣ ስኮርታው ጭምር፣ አብረው መለወጥ አለባቸው። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት ከመኪናው ጋር መስማማታቸውም አስቀድሞ ይለካል። ወጪው በአንድ ጊዜ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ባለንብረቱ የጠፋ ጎማ ፈላጊ መሆኑ ያበቃል።

በጭራሽ የማይተካም አለ። ከፔጆ 505 መኪናዎች አንዳንዶቹ ቸርኬያቸው 390 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተሠራ ነበር። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ 381 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ «በጉልበት ይገባል» የሚል ይኖራል። በጉልበት የገባ ጎማ ግን ነፋስ ሲሞላ ጠርዙ ተበጥሶ የጎሚስታውን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ መፍትሔው ቸርኬ መለወጥ ብቻ ነው። ቸርኬን በብየዳ ማስፋት ወይም ማጥበብም ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

በቁልቁለት የሚከፈል ዋጋ

ጎማ ሲጠፋ ሰው የተገኘውን ይገጥማል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድ መንገድ ላይ ግን «የተገኘው» በሰው ነፍስ ይመነዘራል። የሚከተሉት በየማኅበሩ ሹፌርና ረዳት ዘንድ የታወቁ ሊሆኑ ይገባል።

አንደኛ፣ ጥንድ ጎማ እኩል መሆን አለበት። አንድ ረዥምና አንድ አጭር በሬ አብሮ የጠመደ ገበሬ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ሸክሙም ወደ አንዱ ይሄዳል። በጥንድ ጎማም ረዥሙ ጭነቱን ለብቻው ይሸከማል፣ ይሞቃል፣ ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል። እስከ 8.25 ላሉት ልኮች የጥንዶቹ የቁመት ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ከ9.00 ጀምሮ ላሉት ደግሞ ከ13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህን ለመለካት ሜትር ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በአንድ አክሰል ላይ ራዲያልና ተራ ጎማ አይቀላቀሉም። ሁለቱ ጭነት ሲያርፍባቸውና በመታጠፊያ ላይ የሚያሳዩት ጠባይ አንድ አይደለም። በፊትና በኋላ በአንድ ጊዜ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ የፊትና የኋላ ቁመት ከተለያየ ማርሹና ዲፈረንሻሉ ይጎዳሉ።

ሦስተኛ፣ የጎማው ዕድሜ ይነበብ። የጠፋ ልክ ድንገት «አዲስ» ሆኖ ሲገኝ ለዓመታት ከመደርደሪያ ያልወረደ ሊሆን ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ምልክት መጨረሻ አራት አኀዞች ይገኛሉ። «3218» ከሆነ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በ32ኛው ሳምንት፣ ማለትም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ተሠራ ማለት ነው። አኀዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም አይገዛም። ትላልቅ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ከአገልግሎት እንዲወጣ ይመክራሉ።

አራተኛ፣ የታደሰ ጎማ ቦታውን ይወቅ። የጠፋ ልክ ላለው መኪና አካሉ ጤነኛ የሆነን ጎማ አዲስ ጥርስ ማልበስ ጠቃሚ ነው፤ ቅርጹ በዓለም ላይ ባይኖር እንኳ በእጅ ያለው ጎማ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ይህ እንዲሆን ግን ጎማው ሸራው እስኪታይ ድረስ መነዳት የለበትም። የታደሰውም ከኋላ እንጂ ከፊት፣ በመሪው ላይ፣ ባይገጠም ይመረጣል።

አምስተኛ፣ ቀለበት ያለው ቸርኬ ነፋስ ሲሞላ ሰው ከፊቱ አይቁም። የዛገ ወይም የተጣመመ ቀለበት እንደ ጥይት የሚወነጨፍ ነው።

ሥራውን ጨርሶ የወጣ ጎማ የበረባሶ ጫማና የገመድ ጥሬ ዕቃ መሆኑ በመርካቶም በየገበያውም የታወቀ ነው። በረባሶ መሆን የሚገባው ጎማ ግን በጭነት መኪና ሥር ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል።

ሃምሳ ሎሚ

እስካሁን የተባለው አንድ ባለንብረት ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ብቻ ለብቻ የማይሆነው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ኢፋ አለው ይባል። ጎማ ሲያልቅበት ሹፌሩ አበል ተቆርጦለት ደሴ ይወርዳል፤ ከዚያ ሲያጣ አዲስ አበባ ገብቶ መርካቶን፣ ሶማሌ ተራን ያዳርሳል። በመጨረሻ ሁለት ጎማ አግኝቶ የተጠየቀውን ከፍሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ወር የጎረቤት ማኅበር ሹፌር ያንኑ ልክ ሲፈልግ ያንኑ መንገድ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለቱም የሚያውቁትን አልተነጋገሩም፤ ነጋዴውም ሁለት ፈላጊ እንጂ ገበያ አላየም።

አምስት ማኅበራት እያንዳንዳቸው አንድ ኢፋ ቢኖራቸውና ስኮርታን ጨምሮ በሰባት ጎማ ቢሰላ፣ 35 ጎማ ይሆናል። ለአንድ ጎማ ስልክ የማያነሳ አስመጪ ለ35 ጎማ ከሚልክለት ፋብሪካ ጋር ይነጋገራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህ በሌላውም ዓለም የተረጋገጠ ነው። በአሜሪካ በ1958 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ኮከር የተባለ የጎማ ድርጅት ምርታቸው የቆመ ልኮችን እንደገና እያሠራ ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ይሸጣል። እነዚያ ገዢዎች መኪናውን የያዙት ለጌጥ ነው፤ ገበሬው ግን ለእንጀራ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ቅርጹ ከመደርደሪያ የሚወርደው የተበተነ ፈላጊ አንድ ላይ ሲቆጠር ነው።

አባላት በተናጠል ሊወጡት የማይችሉትን ችግር በጋራ መፍታት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዓላማ መሆኑ ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 ጀምሮ የተደነገገ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በኅብረት መግዛት የተለመደውም በዚሁ መሠረት ነው። ማዳበሪያውን የሚያደርሰው ጎማ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ መዝገብ ነው። በዩኒየኑና በየመሠረታዊ ማኅበሩ ያለ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ፣ ትራክተርና ተጎታች የጎማ ልኩ፣ የቸርኬው ልክ፣ የጎማው ብዛት፣ የፕላይ ቁጥሩና የተሠራበት ጊዜ በአንድ ቅጽ ላይ ይስፈር። በአባላት የግል ይዞታ ያሉ የጭነት መኪናዎችም ፈቃዳቸው ከሆነ ይመዝገቡ። ቁጥሩ መወሰድ ያለበት ከጎማው ብቻ ሳይሆን ከቸርኬውም ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የተገጠመው ጎማ ራሱ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ከመዝገቡ ተነሥቶ ተሽከርካሪዎችን በሦስት መክፈል ነው። ጎማቸው በቀላሉ የሚገኝ፤ ጎማቸው የሚገኘው ታዝዞ የሆነ፤ ጎማቸው ፈጽሞ የማይገኝ። ለመጀመሪያዎቹ እንደ ወትሮው ይገዛል። ለሁለተኛዎቹ ፍላጎታቸው ተደምሮ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመኸር ገቢ በኋላና ከክረምት በፊት፣ በዩኒየኑ በኩል ይታዘዛል። ለሦስተኛዎቹ ምርጫው ሁለት ነው፤ ቸርኬ መለወጥ ወይም መኪናውን ማሰናበት። ይህ ውሳኔ መሰጠት ያለበት በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው እንጂ ጎማው ገደል አፋፍ ላይ ከፈነዳ በኋላ አይደለም።

ሦስተኛው መጠነኛ ክምችት ነው። ለእያንዳንዱ አስቸጋሪ ልክ ሁለት ጎማ ከነከመነዳሪውና ከነፍላፑ በመጋዘን ቢኖር አንድ መኪና በወቅቱ ከመቆም ይድናል። ክምችቱ ግን ከመጠን አይለፍ፤ ጎማ እንደ እህል ጎተራ ውስጥ የሚቆይ አይደለም። ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከዘይት፣ ከነዳጅና ከባትሪ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

አራተኛው የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎችን የሚመለከት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያረጁ ተሽከርካሪዎችን በጨረታ ሲያስወግዱ ማኅበራት ይገዛሉ። በጨረታው ማስታወቂያ ላይ የጎማና የቸርኬ ልክ ቢጻፍ ገዢው ዓይኑን ገልጦ ይገባል። ማኅበርም ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ከመሮጡ በፊት «ጎማው ከየት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቅ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆን። እንዲሁም የሚወገድ መኪና ጤነኛ ቸርኬና ቀለበት ካለው፣ ያው ልክ ላለው ለሌላ መኪና መጠባበቂያ ሊሆን ስለሚችል በብረት ዋጋ ባይሄድ መልካም ነው። የጎማ ግዥ ዝርዝር መግለጫ ሲዘጋጅም ልክና ብዛት ብቻ ሳይሆን የፕላይ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመትና ተመጣጣኝ ልክ ይጻፍበት። «7.50-16፣ 4 ፍሬ» ብሎ ያወጣ ጨረታ በዝቅተኛ ዋጋ ያረጀ ጎማ ቢቀርብለት የሚከራከርበት ነገር የለውም።

አምስተኛው ሥልጠና ነው። ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የንብረት ክፍል ሠራተኞችና የአካባቢው ጎሚስታዎች በአንድ ቀን የሚጨርሱት ትምህርት ነው። የጎማ ጎን ማንበብ፣ ጥንድ መለካት፣ ነፋስ በጥንቃቄ መሙላትና ለእድሳት የሚሆነውን ጎማ በጊዜ ማውረድ ከቻሉ፣ ማኅበሩ የሚያተርፈው ከሥልጠናው ወጪ በላይ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

ስለ አሮጌ መኪና ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው ይገኛል። አንዱ «እስኪወድቅ ይሥራ» ይላል፤ ሌላው «ይጣልና አዲስ ይገዛ» ይላል። የመጀመሪያው ሰውን ለአደጋ ይዳርጋል፤ የሁለተኛው ምክር አቅም ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ያለውን ቆጥሮ፣ ልኩን አውቆ፣ ፍላጎቱን ደምሮ፣ መቆየት የሚችለውን ማቆየትና የማይችለውን በጊዜ ማሰናበት ነው። ይህ ደግሞ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አዲስ ትምህርት አይደለም፤ በእህልና በማዳበሪያ ሲሠራበት የቆየ ነው።

ከዚህ በዓል በኋላ እያንዳንዱ ማኅበር ወደ ቀበሌው ሲመለስ አንድ ወረቀትና አንድ ሜትር ይዞ መኪናውን ቢዞር፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የዩኒየኑ የጎማ መዝገብ ለውይይት ሊቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ ለአስመጪው የሚላከው ደብዳቤ የአንድ ሹፌር ልመና ሳይሆን የብዙ ማኅበራት ትእዛዝ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ለአንበሳ ብቻ ሳይሆን ለጎማም እንደሚሠራ በተግባር ይታያል።

መልካም የምሥረታ በዓል! ምርቱም ሹፌሩም በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ!